ለልጄ፣ ስለ ሪል እስቴት ኤጀንትነት ፈቃድ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሪል እስቴት ኤጀንትነት ፈቃድ ለማውጣት ከምን እንደምትጀምሪ ስለጠየቅሽኝ፣ በስልክ ከምነግርሽ ይልቅ እየተመለስሽ እንድታነቢው ጽፌልሻለሁ። በሙያው ውስጥ ስለኖርኩበት አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ፈተናው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አንቺ አብዝተሽ እንድታስቢበት የምፈልገው ፈቃዱን ካገኘሽ በኋላ በማን ሥር እንደምትሠሪ ነው።

በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት በመሆኑ፣ መስፈርቱን ከምትሠሪበት ስቴት የሪል እስቴት ኮሚሽን ወይም ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት በቀጥታ አንብቢ እንጂ ከሰው ወሬ አትውሰጂ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ፍሎሪዳ 63 ሰዓት ትምህርት ስትጠይቅ ካሊፎርኒያ 135፣ ቴክሳስ ደግሞ 180 ሰዓት ትጠይቃለች። ዕድሜ በአብዛኛው 18 ዓመት መሙላት ይበቃል። የጣት አሻራና የወንጀል ታሪክ ማጣሪያም በብዙ ቦታ ስላለ፣ ማመልከቻው ላይ ለተጠየቅሽው ሁሉ እውነቱን ጻፊ፤ ቀላል ጥፋት የማያስከለክለውን ሰው መደበቁ ሊያስከለክለው ይችላልና።

ፈተናው ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በሁሉም ዘንድ የተለመደውን የሙያ ዕውቀት፣ ሌላው የስቴቱን ሕግ ይመለከታል። የባለቤትነት ዓይነቶች፣ የውል ሕግ፣ የቤት ብድር፣ የንብረት ግመታና የወኪልነት ግዴታ ዋናዎቹ ርዕሶች ናቸው። ሒሳቡ በአብዛኛው መቶኛ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሻጭና ገዢ የዓመቱን የንብረት ግብር በቀን አስልተው የሚካፈሉበት ጥያቄ ላይ ስለሆነ እርሱን ደጋግመሽ ሥሪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ ኤጀንት በአብዛኛው ስቴቶች ፈቃድ ባለው ብሮከር፣ ማለትም ኤጀንቶችን በሥሩ ይዞ ለሥራቸው ኃላፊነት በሚወስድ ባለሙያ ሥር ካልተመዘገበ ፈቃዱ ሥራ ላይ አይውልም፤ ከሽያጩ የምታገኚው የድለላ ክፍያም (ኮሚሽን የሚባለው) የሚከፈለው በብሮከሩ በኩል እንጂ በቀጥታ ከደንበኛው አይደለም። ስለዚህ ብሮከር ስትመርጪ የቢሮውን ማማር አትዪ። የመጀመሪያ ውልሽን ማን እንደሚያነብልሽ፣ ሲቸግርሽ ማታ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዳለ፣ የሙያ ጥፋት ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል፣ ሽያጭ በሌለበት ወር የሚጠየቅ የቢሮ ክፍያ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ። ከብሮከሩ ጋር በ60 ለ40 ክፍፍል ከ10,000 ዶላር ኮሚሽን 6,000 ያንቺ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ያንቺ እንዳይመስልሽ፤ ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ስለሆነ ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀምጥልሽ የለም። ትልቅ ድርሻ ከሚሰጥና ከማያስተምር ብሮከር ይልቅ ትንሽ ድርሻ ሰጥቶ አጠገብሽ የሚቀመጠውን እመርጥልሻለሁ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት። ብድር ያለበት ሽያጭ ከውል እስከ ርክክብ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ቀን ስለሚወስድ፣ ደንበኛ የሚፈለግበትን ጊዜ ጨምረሽ የወራት መቋቋሚያ ገንዘብ ሳትይዢ ያለሽበትን ሥራ አትልቀቂ።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞችሽ ዘመዶችና ወዳጆች መሆናቸው አይቀርም፤ ፈተናውም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ሻጩ «ከዚህም ዝቅ ብዬ እሸጣለሁ» ብሎ ቢነግርሽና ወኪሉ አንቺ ብትሆኚ፣ ገዢው የአጎትሽ ልጅ ቢሆን እንኳ አትነግሪውም። ቀብድ ተቀብለሽ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ከራስሽ ሒሳብ ጋር እንዳትቀላቅይ፤ በደንቡ ጊዜ ውስጥ ለብሮከሩ ወይም ለአደራ ሒሳቡ አስረክቢ። «የእኛ ሰዎች የሚበዙበትን ሰፈር አሳዪን» የሚሉሽም ይኖራሉ። ጥያቄው ከናፍቆት የመነጨ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደንበኛን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላልና፣ ሰፈሩን ራሳቸው ይምረጡ፤ አንቺ በዋጋና በክፍል ብዛት የሚስማማቸውን ቤት ሁሉ አሳዪ። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የብሔራዊው የሪልተሮች (የሪል እስቴት ባለሙያዎች) ማኅበር አባላት በሚጠቀሙበት አሠራር፣ ገዢውን ቤት ከማሳየትሽ በፊት ክፍያሽን በግልጽ የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ግድ ሆኗል። ዘመድን ማስፈረም ያሳፍር ይሆናል፤ ግን አስፈርሚ።

ትምህርቱን ስትጨርሺ ቢያንስ ሦስት ብሮከሮችን አነጋግሪ። የሚሰጡሽን ውል ሳትፈርሚ ላኪልኝ፤ ስለ ክፍፍሉና ስለ መልቀቂያው የተጻፈውን አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናየዋለን።

እናትሽ