ቅጠሉ ቀዩን ከየት አመጣው?

ይድረስ ለልጄ፦

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽው የሜፕል ቅጠል ፎቶ፣ በብርድ አገር ክረምት ሲቃረብ ቅጠሉ የሚቀላው የዚያ ዛፍ፣ ደርሶኛል። «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ?» ላልሽው መልሱ አንድ አይደለም፤ የቢጫውና የቀዩ መነሻ ለየቅል ነው።

ቢጫው ከየትም አልመጣም። ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም ቅጠሉ ለምለም ሳለም ውስጡ ነበር፤ ካሮትንም የሚያቀላው የእሱ ወገን ነው። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ስለሚበዛ ሸፍኖት ይከርማል። ክሎሮፊል ፀሐይ ላይ ሲሠራ ስለሚጎዳ ዛፉ ዘወትር ይተካዋል። ሌሊቱ ሲረዝምና ሲቀዘቅዝ መተካቱን ይተዋል፤ ናይትሮጅን የሚባለውን ምግቡንም ከቅጠሉ ፕሮቲን አውጥቶ ለከርሞ ወደ ግንዱ ይሰበስባል።

ቀዩ ግን አዲስ ሥራ ነው። አንቶሲያኒን ይባላል፤ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲቃረብ ከስኳር ይሠራዋል። ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሌለው ብርድ ሲሆን ይደምቃል። በአንዱ ዛፍ ፀሐይ የሚመታው ወገን ቀልቶ ጥላው ቢጫ ሆኖ ብታዪ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሊረግፍ የተነሣ ቅጠል ለምን እንዲህ ይደክማል? ናይትሮጅኑ እስኪሰበሰብ ቅጠሉን ከፀሐይ የሚከልል ጥላ ነው የሚሉ አሉ፤ ተባይ የሚያርቅ ምልክት ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸ ነው።

እዚህ ጎንደር ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ አገሩ በአንድ ጊዜ አይቀላም። ብሳናን አስቢው፤ ከለምለሙ መሃል ያረጀው ቅጠል ብቻ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ይታያል። እሱን በጣት ነካ ሲያደርጉት ከእጀታው ሥር ቁርጥ ይላል፤ ዛፉ መለያያ ሽፋን አስቀድሞ ሠርቶለታልና። አረንጓዴውን ቢስቡት ግን ልጡን ይዞ ይላጣል።

አሁን ራስሽ ሞክሪው። አምስት አረንጓዴ ቅጠል በመቀስ አድቅቂ፣ በማንኪያ ጀርባ ፍጪና ብርጭቆ ውስጥ የቁስል ማጽጃ አልኮል እስኪሸፍነው ጨምሪበት። 90 በመቶው ይሻላል፤ 70ው ውሃ ስላለበት ቀለሙን ደህና አድርጎ አይለይም። ብርጭቆውን ክደኚና ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ግማሽ ሰዓት አቆይው። እሳት ላይ እንዳትጥጂው፤ የአልኮል ትነት ይቀጣጠላል። ከቡና ማጣሪያ ወረቀት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ወስደሽ ጫፉን ብቻ ነክረሽ እንደቆመ ተይው፤ አብዝተሽ ካጠለቅሽው ወረቀቱ ወጥ ሆኖ ይርሳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አረንጓዴውና ቢጫው ይለያያሉ። ካልተለያዩ ቅጠሉ በደንብ አልደቀቀ ይሆናል።

ቀዩን ቅጠል ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨፍልቂው። ሎሚ ጠብ ሲልበት ይቀላል፤ ቤኪንግ ሶዳ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ቀለሙ ብርሃን ላይ ስለሚጠፋ ወረቀቱ እንደደረቀ ፎቶ አንሺልኝ። የብሳናውን እኔ እሠራዋለሁ፤ ጎን ለጎን እናያቸዋለን።

እናትሽ፣ ከጎንደር