ሜጋቢቱን ብቻ አትንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት በጻፋችሁ ቁጥር የምትጠሩት ሜጋቢትን ብቻ ነው። 50፣ 100፣ 200። ሌላው ቁጥር፣ ማለትም ዳታው ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሲነሳ አላየሁም። እኔ ደግሞ በዚህ ቁጥር ምክንያት አንድ ጊዜ አፍሬያለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን መስመር 10 ሜጋቢት ነበር። አሜሪካ ወዳለ ሰርቨር በየማታው ባክአፕ (የፋይሎቻችንን መጠባበቂያ ቅጂ) እንልካለን፤ ሲንፏቀቅ ያድራል። አለቃዬን ለምኜ ለምኜ 100 ሜጋቢት አስገባን። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ባክአፑ ገና አላለቀም። በሴኮንድ 2.6 ሜጋቢት! ድሮም 2.6፣ አሁንም 2.6። አለቃዬ እኔን አየ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

የገባኝ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር እንኳ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገመድ ደግሞ እንደ አውሮፕላን አያቋርጥም። እኛ የባሕር በር ስለሌለን ዳታችንም እንደ ቡናችን መጀመሪያ ጎረቤት አገር ወርዶ ነው ባሕር የሚገባው። የእኛ ደርሶ መልስ 200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም 0.2 ሴኮንድ ነበር።

የጅቡቲን መንገድ አስቡት። አንድ ከባድ መኪና ለመድረስ ሁለት ቀን፣ የርክክቡን ደረሰኝ ይዞ ለመመለስ ሌላ ሁለት ቀን ይፈጅበታል እንበል። በየቀኑ 10 መኪና የሚያሰማራ ነጋዴ ምንጊዜም 40 መኪና መንገድ ላይ አለው። በጉዞ ላይ ያለ ዳታ የምንለው ይህን 40 ነው፤ የመስመሩ አቅም በደርሶ መልሱ ጊዜ ሲባዛ። አሁን ደግሞ አምስት መኪና ልኮ ደረሰኙ ካልመጣ ስድስተኛውን ንቅንቅ የማያደርግ ነጋዴ አስቡ። መንገዱን ስድስት ሌን ብታደርጉለት ምን ይፈይድለታል? በአራት ቀን ያው አምስት ነው።

እኛም እንደዚያ ነጋዴ ነበርን። 100 ሜጋቢት በ0.2 ሴኮንድ ሲባዛ 20 ሜጋቢት፣ ማለትም 2.5 ሜጋባይት ይሆናል (አንድ ባይት 8 ቢት ነው)። መስመሩ እንዲሞላ ይህን ያህል ዳታ ሁልጊዜ መንገድ ላይ መሆን ነበረበት። ቲሲፒ፣ ማለትም ዳታ መድረሱን በደረሰኝ እያረጋገጠ የሚልከው የኢንተርኔት ደንብ፣ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ግን ደረሰኝ ሳይመጣ ሊላክ የሚችለው ቢበዛ 65,535 ባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ገደብ የሚያሰፋ ማሻሻያ ወጣ፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ገና ሲገናኙ ይስማሙበታል። የእኛ ያረጀ ፋየርዎል (የሚገባ የሚወጣውን ዳታ የሚፈትሸው መሣሪያ) መሐል ገብቶ ስምምነቱን ይሰርዘው ነበር። 65,535 ባይትን ወደ ቢት ቀይሩና ለ0.2 ሴኮንድ አካፍሉት፤ ያ ያሳፈረኝ 2.6 ይወጣል። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የዚያን ቀን ባክአፑ ከእኩለ ሌሊት በፊት አለቀ።

ነገሩ የመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። የድምፅ ጥሪ 100 ኪሎቢት እንኳ አይፈጅም። ግን ውጭ አገር ካለች እህታችሁ ጋር ስታወሩ ሁለታችሁም እኩል ጀምራችሁ፣ እኩል ዝም ብላችሁ፣ እንደገና እኩል «ሃሎ» የምትባባሉት ሜጋቢት አንሷችሁ ሳይሆን ድምፁ ስለዘገየ ነው። በሳተላይትማ ይብሳል። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ በተቀመጠው ሳተላይት በኩል ደርሶ መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩት አዲሶቹ ሳተላይቶች ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የፍጥነት መለኪያው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚመርጠው እዚሁ ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው፤ ቁጥሩ ያምራል። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰርቨር መርጣችሁ ለኩ። ከዚያ ከሜጋቢቱ ጎን ሚሊ ሴኮንዱንም አትሙልን።

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ