የአካፋው ዓመታት አይቆጠሩም

ይድረስ ለተወደዱ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ይህን ሁሉ ዓመት ቧንቧ ስትቀብር ኖረህ ዛሬም የሰው ቅጥር ነህ?» ብለው የጠየቁኝን ሳልመልስልዎ መስመሩ ስለተቋረጠ፣ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

እዚህ ካሊፎርኒያ የውኃም ሆነ የፍሳሽ መስመር በራስ ስም ተዋውሎ ለመዘርጋት ሙያውን መቻል ብቻውን አይበቃም፤ የስቴቱ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱም እንደየሥራው የተከፋፈለ ነው፤ የውኃ ማስተላለፊያ መስመር የሚዘረጋ ሲ-34፣ ሴፕቲክ ታንክ (የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ከመሬት በታች የሚቀበር ገንዳ) እና የፍሳሽ መስመር የሚሠራ ሲ-42 የሚባለውን ይይዛል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ ተቋራጭ ላልተከፈለው ሒሳብ መክሰስ አይችልም፤ ይባስ ብሎ ደንበኛው ከፍሎት የነበረውን በፍርድ ቤት ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ «ደፍረህ ጀምር» የሚሉኝን አልሰማኋቸውም።

ያዘገየኝ የልምድ ማስረጃው ነው። ቦርዱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተገኘ ቢያንስ የ4 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ያውም ያለ ተቆጣጣሪ ሥራውን ከዳር በሚያደርስ ባለሙያ ወይም በፎርማን ደረጃ የተሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ በተራ ሠራተኛነት አፈር ስዝቅ የኖርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከቁጥር አይገቡም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ይህን ሳነብ ወገቤን ነው ያመመኝ። የሚቆጠሩትንም ቢሆን ሥራዬን በዓይኑ ያየ ሰው በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። የቀድሞ አሠሪዬ ዛሬ ነገ እያለ ወራት አስቆጠረኝ፤ ወረቀቱን ደግሜ ሳነብ ግን የሥራ ባልደረባም መፈረም እንደሚችል አየሁ። አብሮኝ ጉድጓድ ሲወርድ የኖረ አንድ ጓደኛዬ ወረቀቱን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ፈረመልኝ፤ ጭቃ የነካው አውራ ጣቱም ጥግ ላይ ታትሞ ቀረ።

ፈቃዱን ለማግኘት፣ ደንበኛ ቢበደል መካሻ እንዲሆን የሚጠየቀውን ዋስትና በተመለከተ 25,000 ዶላር ላስይዝ ነው ተብሎ እንደተወራ ሰምቻለሁ። ከ2023 ጀምሮ የዋስትናው መጠን በእርግጥ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን ቆጥሬ የማስቀምጠው እኔ አይደለሁም። ዋስ የሚሆነኝ ድርጅት በየጊዜው መጠነኛ ክፍያ ይቀበለኛል፤ ደንበኛ በድዬ እርሱ ከካሰልኝ ግን መልሶ ከእኔው ይጠይቃል።

ለፈቃዱ የምቀመጠው የጽሑፍ ፈተና ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ሕግና ንግድ፣ ሌላው ስለ ሙያው። ማታ ማታ የማነበው በተለይ የቁፋሮ ደንቡን ነው። 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የጠለቀ ቦይ ወጥ ዐለት ካልሆነ በቀር ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም በተዳፋት ሳይቆረጥ ሰው አይገባበትም፤ የወጣውም አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 2 ጫማ መራቅ አለበት። ይህን ሳነብ እኔ ራሴ ከቁመቴ በላይ በሆነ፣ አንዲት ጣውላ እንኳ ባልተደገፈበት ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ቧንቧ ስገጥም፣ የአፈር ፍርፋሪ ቆቤ ላይ ጠብ ጠብ ይል የነበረው ትዝ አለኝ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የፈቃዱን ወረቀት እንደ እንቅፋት ብቻ እቆጥረው ነበር፤ ይህን ክፍል ካነበብኩ ወዲህ ግን ማጉረምረሜን ቀንሻለሁ።

አሁን ማመልከቻው ላይ ሳይሞላ የቀረው የድርጅቱ ስም ነው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ይህ ስም ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር በሥራ መኪናዬ ላይ ጎልቶ መጻፍ ስላለበት፣ እኔ ከማወጣው እርስዎ ቢያወጡልኝ እመርጣለሁና አስበውበት በሚቀጥለው ስልክ ይንገሩኝ። አጠር ያለ ቢሆን ለጽሕፈቱ ይመቻል።

ልጅዎ