ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ ናት

ለኮምቦልቻ ከተማ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የምሠራ እናት ነኝ። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አባቷ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከወጣ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የመን ይድረስ፣ ሳዑዲ ይግባ፣ አላውቅም። የምጽፈው እሱን ለማማረር አይደለም። ብቻዬን እንደማሳድጋትና የሕፃናት ማቆያ እንደሚያስፈልገን እንድታውቁልኝ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ሰርቪስ ይመጣል። ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጋር ነው። ከቃሉ ገጠር ያመጣኋት የአክስቴ ልጅ ናት። አራተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። አሁን ልጄን ታዝላለች፣ ታበላለች፣ ጨርቋን ታጥባለች።

ባለፈው ክረምት ልጄን አተኮሳት። እኔ ማሽን ላይ ነኝ። የምሠራበት ቤት ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ልጅቷ ቢጨንቃት አዝላት ወደ ሕክምና ሄደች። "እናቷን ጥሪ" ብለው መለሷት። ማታ ስገባ ሁለቱም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። የአከራዬ እናት "አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል" አሉኝ። እውነትም ልጄ ዳነች። ሌላዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ትደነግጣለች። እሷም እኮ ልጅ ናት። አክስቴ አምና የሰጠችኝ ላስተምራት ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት የኔ ብቻ አይደለም። መስመራችን ላይ ካሉት እናቶች ብዙዎቹ ልጃቸውን ያስያዙት ለእንደዚህ ያለች ልጅ ነው። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት የባጃጅ ሹፌር አለ። የሦስት ዓመት ልጁን ከጎኑ ሸጉጦ ነው የሚሠራው። ማቆያ ሲታሰብ ለእናቶች ብቻ እንዳይሆን አደራ።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። ከወለድን በኋላ ያለው ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ስጪ ትለኛለች። የቱን ልስማ? ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርንም ይከለክላል። እኛ ፋብሪካ የምንገባው ግን ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ ቤታችን ስለቀረችልን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ደስ ይላል። እኛን የፋብሪካ ሠራተኞችን ግን አልተመለከተንም።

የግል መዋያ ጠይቄያለሁ። ክፍያው ከደመወዜ ግማሹን ይወስዳል። ደግሞ የሚከፈተው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ እኔ ሥራ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለወሎ ወጣት ሥራ መጣ ተብሎ ተደስተናል። አሁን ያ ወጣት ወልዷል። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሠራተኛው ተከራይቶ በሚኖርበት ሰፈር አንድ የሕፃናት ማቆያ ክፈቱልን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይከፈት፣ የማታ ሺፍት ያላትም ልጇን የምታሳድርበት ይሁን። አዲስ ሕንፃ አንጠይቅም። እኛ ሰፈር ያለው አዳራሽ ስብሰባ ከሌለ ተቆልፎ ይውላል። ልጅ ያሳደጉ፣ ሥራ የፈቱ እናቶች በየግቢው አሉ፤ ሥልጠና ስጧቸውና ይያዙልን። በነፃም አላልንም። ከደመወዛችን ይቆረጥ፤ ፋብሪካዎቹም የድርሻቸውን እንዲያዋጡ እናንተ ጠርታችሁ አነጋግሯቸው። እኛ ብንጠይቅ አይሰሙንም፣ እናንተን ግን ይሰማሉ።

የኔ እረፍት እሑድ ብቻ ነው፤ የናንተ ቢሮ ደግሞ እሑድ ዝግ ነው። በደብዳቤ የመጣሁት ለዚያ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ከማለፉ በፊት መልሳችሁን ብሰማ፣ የአክስቴን ልጅ አምስተኛ ክፍል አስገባታለሁ።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እናት፣ ከኮምቦልቻ