ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ የመዋኛ ገንዳን ከውርጭ ስለመጠበቅ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቅዝቃዜው ወቅት ሲቃረብ በብዛት ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ገንዳውን ጨርሼ ባዶ ባደርገው አይሻልም?» የሚለው ነው። መልሳችን እባካችሁ አታድርጉት የሚል ነው። ባዶ የሆነ ገንዳ ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው የሚቋቋምበት ክብደት ስለሌለው ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ የፋይበርግላስ ከሆነም ከነአካሉ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። ደግሞም ውርጭ ሲመጣ እኛን የሚያሳስበን በገንዳው ውስጥ የተንጣለለው ብዙ ውሃ ሳይሆን በቧንቧ፣ በፓምፕ፣ በማጣሪያና በማሞቂያ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ነው።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በገንዳው ውስጥ በረዶው ከላይ ጀምሮ ስለሚሠራ (ውሃ ከምንጊዜውም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ላይ ላዩን ይቀራል) አብዛኛውን ጊዜ መስፊያ ቦታ አያጣም፤ በተዘጋ የፓምፕ ሆድ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። አንድ ደንበኛችን ብርዱ ካለፈ በኋላ ያመጡልን ፓምፕ ከላይ ሲታይ እንከን አልነበረበትም። ገልብጠን በባትሪ ስናየው ከማፍሰሻ ቡሎኑ ሥር የተነሳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነና የአውራ ጣት ያህል የሚረዝም ስንጥቅ አገኘን። ባለቤቱ ውሃውን አፍስሰው ነበር፤ ነገር ግን ፓምፑ ካሉት 2 ማፍሰሻዎች የከፈቱት አንዱን ብቻ ነበር። ያን ጉዳት ያደረሰው ውሃ ከአንድ ስኒ ብዙም የሚበልጥ አይመስለንም።

ስለዚህ የውሃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የመራባት አቅሙ ሲዳከም፣ ገንዳውን አጽድታችሁ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው መካከል ካደረጋችሁ በኋላ የውሃውን ከፍታ ስኪመር ከሚባለው የግድግዳ ላይ ቆሻሻ ሰብሳቢ አፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት። ቀጥሎ የሚመጣው ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል ነው፦ በየቧንቧው ውስጥ በኮምፕረሰር አየር መንፋት። ኃይለኛ ግፊት መገጣጠሚያዎችን ስለሚያላቅቅ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት መልቀቅ ይመረጣል። የተጣራው ውሃ ወደ ገንዳው ከሚመለስበት አፍ ውሃ የቀላቀለ አረፋ መውጣቱ አብቅቶ አየር ብቻ ሲወጣ፣ አየሩን ሳታቋርጡ አፉን በጎማ ውታፍ ድፈኑት። ከወለሉ ማፍሰሻ አረፋ ሲንተከተክ ስታዩም አየሩ እየነፋ ሳለ የዚያን ቧንቧ ቫልቭ ዝጉት፤ የታፈነው አየር ውሃው ተመልሶ እንዳይገባ ይከላከላል። ውሃው መውጣቱን የማታረጋግጡበት ቧንቧ ካለ ለመዋኛ ገንዳ የተዘጋጀውን በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ጨምሩበት። የመኪናው ኤቲሊን ግላይኮል መርዛማ ስለሆነ በምንም ምክንያት አይተካውም።

የፓምፑን፣ የማጣሪያውንና የማሞቂያውን ማፍሰሻዎች በሙሉ ክፈቱ፤ የፈታችኋቸውንም ቡሎኖችና የጎማ ቀለበቶች በፓምፑ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጧቸው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ገንዳው ሲከፈት ቡሎን ፍለጋ ግማሽ ቀን የጠፋበትን ሥራ እናውቃለን።

ውርጩ ለጥቂት ሌሊቶች ብቻ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት አካባቢ ገንዳውን መዝጋት አያስፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ በረዶ ስለማይሆን ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ማድረግ በቂ ነው። የዚህ ዘዴ ድክመት በኤሌክትሪክ ላይ መመሥረቱ ነው። መብራት ጠፍቶ ቶሎ የማይመለስ ከመሰላችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍታችሁ የፓምፑን ማፍሰሻዎች ወዲያውኑ ክፈቱ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ካላጠፋችሁ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ፓምፑ በደረቁ ይሠራና ይቃጠላል።

የገንዳውን ሸራ በሚመለከት አጥብቀን የምናሳስባችሁ አንድ ነገር አለ። በላዩ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ ቢሆን ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ በየጊዜው ይቀዳ፤ በገንዳው ዙሪያ ያለው አጥርም በቅዝቃዜው ወቅት ሳይቀር ተቆልፎ ይቆይ። በውሃው ላይ በረዶ ቢሠራ በመዶሻ አትምቱት፤ የምቱ ኃይል ወደ ግድግዳው ተላልፎ ሴራሚኩን ሊያነሳው ይችላል።

ከሥራዎቹ መካከል ቧንቧ መንፋቱ ለጀማሪ ስለሚከብድ እርሱን ለእኛ ትታችሁ ሌላውን ራሳችሁ ብትሠሩት አንቃወምም። ቀጠሮ ስትይዙ የገንዳችሁን ዓይነትና የማሞቂያ መኖር አለመኖሩን ብትነግሩን ባለሙያው ተስማሚ ውታፎችን ይዞ ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የአገልግሎትና ጥገና ክፍል