«ሜሎትሮን» የሚለው ድምፅ ለምን ይቋረጣል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የጥር ሰርግ ሲቃረብ ኪቦርድ ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤታችን የሚመጣው ሰው ይበዛል። ከደብረ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳም ይመጣሉ። ደጋግመን ከምንሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ፦ «ሜሎትሮን የሚለውን ድምፅ ስከፍት፣ ጣቴን ሳላነሳ ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይዋልላል፤ ሥሩልኝ» የሚል ነው። ለዚህ ብላችሁ የመኪና አትክፈሉ። ኪቦርዱ ደህና ነው፤ እኛም ምንም ሳንነካ ገንዘብ መቀበል አንፈልግም።

ኪቦርዳችሁ ላይ ያለው ይህ ድምፅ የተወሰደው ሜሎትሮን ከሚባል አሮጌ መሣሪያ ነው። ሜሎትሮን ድምፅን በቺፕ ማስቀመጥ ከመለመዱ በፊት የተሠራ፣ ሆዱ በቴፕ ክር የተሞላ ኪቦርድ ነው። ሐሳቡ የሃሪ ቻምበርሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ጀመረው። በ1962 የቻምበርሊን ሻጭ ሁለት መሣሪያዎች ይዞ እንግሊዝ ገባና በርሚንግሃም ውስጥ ለቴፕ ማሽን ክፍሎች የሚያመርቱ ወንድማማቾችን አገኘ። በ1963 እነሱ የሠሩት መሣሪያ ሜሎትሮን ተብሎ ወጣ። የፈጠራው ባለቤትነት ያስነሳው ጭቅጭቅ ኋላ በስምምነት አለቀ።

አሠራሩን ለማስረዳት የካሴት ቴፕ ይበቃናል፤ ዛሬም የሚያስጠግኑን አባቶች አሉ። የካሴት ማስገቢያውን ከፍታችሁ ብታዩ አንድ የሚሽከረከር ቀጭን ብረትና አንድ ትንሽ ጎማ አለ። ሁለቱ ክሩን መሐላቸው ይዘው «ሄድ» በሚባለው፣ ድምፁን ከክሩ በሚያነበው ክፍል ፊት ይጎትቱታል። (ጎማው ሲያረጅ ነው ቴፑ ካሴት የሚበላው።) ሜሎትሮን ውስጥ ይኸው ነገር ለእያንዳንዱ ቁልፍ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ኤም 400 የሚባለው ሞዴል 35 ቁልፎች አሉት፤ ስለዚህ 35 ክር፣ 35 ሄድ፣ 35 ጎማ። የጋራቸው ብረቱ ብቻ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ረጅም ብረት፣ በአንድ ሞተር ያለማቋረጥ የሚዞር።

ቁልፉን ስትጫኑት ክሩ ከሄዱ ጋር ይገጥማል፤ ጎማው ደግሞ ክሩን ከሚዞረው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። ክሩ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወጣል። ስትለቁት ስፕሪንግ ክሩን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ክሩ ላይ ያለው የእውነተኛ ተጫዋች ድምፅ ነው፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት ወይም የመዘምራን ድምፅ፣ ለየቁልፉ በራሱ ኖታ የተቀዳ። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የዚህ ግን 9.5 ገደማ ስለሆነ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ጎን ለጎን ይዟል፤ የምትፈልጉትን በመቀየሪያ ትመርጣላችሁ።

እንግዲህ ክሩ ጫፍ አለው። 8 ሰከንድ ያህል ሲጫወት ያልቃል፣ ድምፁም ያበቃል። ዳርና ዳሩን ቀጥለው ለምን እንደ ቀለበት አላዞሩትም? እንዲያ ቢሆን ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር ድምፁ ከየትም መሐል ይጀምር ነበር። የቫዮሊኑ ደጋን ጅማቱን ሲነካ፣ የዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ሲገባ የሚሰማው መነሻ ይጠፋል። ርዝመቱን ሰውተው መነሻውን አተረፉ፤ በእኛ አስተያየት ደግ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቢትልሶች ባወጡት «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» መግቢያ ላይ የሚሰማው ዋሽንት ከዚህ መሣሪያ የወጣ ነው።

መዋለሉም ከዚያው ይመጣል። አንድ ሞተር ነው የሚጎትተው። በሁለት እጅ ብዙ ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት ሸክሙ በብረቱ ላይ ይበዛል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ስለተቀዳም የአንዱ ንዝረት ከሌላው አይገጥምም። የዛሬ ኪቦርድ ሠሪዎች ድምፁን ከአሮጌው ማሽን ሲወስዱ አንዳንዶቹ መቋረጡንም መዋለሉንም እንዳለ ትተውታል። ያለ እነሱ እኮ ተራ የቫዮሊን ድምፅ ይሆን ነበር።

ስትጫወቱ ታዲያ ፔዳል መርገጥ አያስረዝመውም። ስምንቱ ሰከንድ ሳይሞላ ኮርድ ቀይሩ፤ ወይም ጣቶቻችሁን በየተራ እያነሳችሁ መልሳችሁ ተጫኑ፤ ያኔ ሁሉም በአንዴ አይጠፋም። ለትዝታ ከዘፋኙ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ በጣም ያምራል። ለችክችካ ግን አንመክርም፤ መነሻው ስለሚዘገይ ከበሮው ጥሎት ይሄዳል።

እውነተኛ ብልሽት መሆኑን ቤታችሁ ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። ኦርጋን የሚለውን ድምፅ ክፈቱና አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ቆዩ። ኦርጋን ጣት እስካልተነሳ ድረስ መቀጠል አለበት፤ እሱም ከተቋረጠ አምጡት። ፒያኖውም ኦርጋኑም ሁሉም ከዋለለ፣ በግራ በኩል ያለው የድምፅ ማጠፊያ ጎማ ቆሽሾ ወይም አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እንሠራለን። አንዳንድ ቁልፍ ብቻ እምቢ ካለ ወይም ከልክ በላይ ከጮኸ ብዙውን ጊዜ ከቁልፉ ሥር የገባ አቧራ ነው።

ስትመጡ አዳፕተሩንም ያዙ። የራሱ ያልሆነ አዳፕተር ተሰክቶበት «ተበላሸ» የተባለ ኪቦርድ ብዙ ገጥሞናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅ መሣሪያዎች ጥገና ቤታችሁ
ደብረ ብርሃን