ለሥልጠና የሚቀመጥ ካናቢስ ሁለት ቁልፍ ይኑረው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የማረሚያ ቤት ፖሊሶች ፍተሻ ሲሠለጥኑ በናሙናነት ስለሚያዩት ካናቢስ አቀማመጥ ነው የምጽፈው። ሠልጣኙ ሽታውንና መልኩን ማወቁ ተገቢ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ተወትፎ ሲመጣ በምን ይለየዋል? ዕፁ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የከለከለው ነው። እንደ ጠመኔ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም።

ለዓመታት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል ደረሰኝ ይገባል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ይወጣል። ለወንበር ይበቃል፣ ለካናቢስ አይበቃም። ቅጠሉ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። የጎደለው ሁሉ «ደርቆ ነው» ከተባለ ማን ይከራከራል? በርበሬ እንኳ በዚህ ሰበብ ስንቱን አጣልቷል!

እዚህ ጎጃም በብዙ ደብር ሙዳየ ምጽዋትን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ካናቢሱ የሚቀመጥበት ካዝናም እንደዚያው ይሁን፤ ቁልፎቹ በሁለት ሰዎች እጅ ይያዙ። ናሙናው በደንብ ከደረቀ በኋላ በግራም ተመዝኖ ይታሸግ። ሲወጣም ሲመለስም ይመዘን፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ቆጠራውን ደግሞ ከግቢው ውጭ የሚመጣ ሰው ይሥራው፤ ሳይነግር ቢመጣ ይመረጣል።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ